በእግዜር ያላከክኩት

ፊቴን ያየ ሁሉ ፈንጣጣ እንደጎበኘኝ ያውቃል። በአምስት ዓመቴ ይዞኝ ነፍሴን ትቶልኝ ሄደ፤ ፊቴን ግን እንደ ወንፊት በሳስቶት ቀረ። ልጆች ሳለን «ዱባለ ወንፊቱ» ይሉኝ ነበር። በዚህ ስም የተነሳ ስንቱን ፈንክቻለሁ! በኋላ ግን ያው ፊት እንጀራዬ ሆነ። በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ከታቢዎች ወደ እኛ አገር ሲመጡ ወልቂጤ ላይ አስተርጓሚ ፈለጉ። አማርኛም ጉራጊኛም የሚችል ጎረምሳ ሰልፍ ሙሉ ነበር፤ እኔን ከመሃል ጎትተው አወጡኝ። ክትባት አልፈልግም የሚል ሰው ሲገኝ «ልጅህ እንደዚህ እንዲሆን ነው የምትፈልገው?» ብለው የሚያሳዩት ፊት አገኙ ማለት ነው። ነገሩ ባይጥመኝም እሺ አልኩ። ሊስትሮ ሆኜ አዲስ አበባ ከመመለስ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ይኼን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የሚያዝንልኝ ሰው ያናድደኛል። የምናገረው በሰው ላይ ሳይሆን በእግዜር ላይ ያደረግኩት ነገር ስላለ ነው።

ተናኘወርቅ የጡት እህቴ ናት። እናቷ እሷን በወለደች በሳምንቷ ስትሞት፣ እናቴ አንድ ጡት ለእኔ አንድ ጡት ለእሷ አድርጋ አሳደገችን። ሰፈራችን ከቡታጅራ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ተናኘ አድጋ ባዩ የሚባል ደህና ገበሬ አግብታ ከወንዙ ማዶ ያለ መንደር ገባች፤ ሁለት ልጆች ወለደች። ትልቋ ብርቄ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ትንሹ ብርሃኔ ደግሞ አራት። ብርሃኔ እኔን ሲያይ ጭኔ ላይ ወጥቶ ፊቴ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች በጣቱ እየነካ ይቆጥራል። መቁጠር የሚችለው እስከ አምስት ብቻ ስለሆነ አምስት ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ማንም ሰው ፊቴን እንዲነካ ፈቅጄ አላውቅም፤ ለሱ ግን ዝም ብዬ እቀመጥለት ነበር።

የ1964 የመስቀል ዋዜማ ነበር። አብሬው የምሠራው ከታቢ ሙሀመድሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፣ ሥራ ላይ ቀልድ አያውቅም። ጉራጊኛ ግን አንዲት ቃል አይሰማም፤ ጆሮውም አፉም እኔ ነበርኩ። ከጠዋት ጀምሮ በዝናብ አራት መንደር አዳርሰን ጭቃ በጭቃ ሆነናል። ጉራጌ ለመስቀል ከያለበት ወደ አገሩ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ የከረመው፣ ጅማ የከረመው፣ ናዝሬት የከረመው፣ ያን ሰሞን ሁሉም ይመጣል። በየቤቱ እንግዳ፣ በየደጁ የታሰረ በሬ ነው። እኔም በመጀመሪያ ደሞዜ ኮት ገዝቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ቅርጫው ሳይከፋፈል አባቴ ቤት ልድረስ፣ ኮቴንም ልታይበት ብዬ ልቤ ከእግሬ ቀድሞ ሄዷል።

የቀረን የተናኘ ቤት ብቻ ነበር። አሠራራችን እንዲህ ነው፦ በፈንጣጣ የተያዘ ልጅ ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ አለን፤ በየደጁ እሱን እያሳየን «እንዲህ ያለ በሽተኛ አላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ካርዱ በዝናቡ እንዳይበሰብስ ከቦርሳው ሥር አግብቼዋለሁ። አላወጣሁትም። ለዘመድ ቤት ምን ካርድ ያስፈልጋል ብዬ ነው።

ተናኘ ልጆቿን ይዛ ቡታጅራ ገበያ ወርዳ ነበር። ደጃፍ ላይ የተቀበሉን የባዩ እናት እማማ አደይ ናቸው። ሌላ ጊዜ ሳልገባ ሳልፍ ቢያዩኝ የሚቆጡ ሴት፣ ያን ቀን በሩን በሰውነታቸው ሞልተው ቆሙ። ከኋላቸው መሬቱ ላይ ትኩስ ሣር ተጎዝጉዟል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በጉራጊኛ፣

«እንግዳ አለብን። ትልቅ እንግዳ ነው፤ አትጩኹ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ፊቴ ላይ ተክለው «አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ።

የባዩ ታናሽ ወንድም ደበሌ ከጅማ መግባቱን መንገድ ላይ ሰምቻለሁ። ደበሌን አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው የተገረዝነው። እሱን ነው የሚሉኝ ብዬ ለሙሀመድሰይድ «የመስቀል እንግዳ አለባቸው፣ ሌላ ቀን ኑ ነው የሚሉት» ብዬ ተረጎምኩለት። እሱም «ልጆቹስ?» አለኝ። ገበያ ወርደዋል አልኩት። ደብተሩ ላይ ምልክት አደረገና ተመለስን።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ነው የመጣብኝ። እኔ በአምስት ዓመቴ ፈንጣጣ ይዞኝ ስተኛ እናቴ ቤቱን ሣር ጎዝጉዛ፣ ጎረቤት እንዳይጮህ ለምና፣ የበሽታውን ስም አንድም ቀን ሳትጠራ ነበር ያስታመመችኝ። ስሙን ከጠሩት ይቆጣል ነው ነገሩ። «እንግዳው እስኪሄድ ታገሥ፣ እንግዳው ሊሄድልህ ነው» እያለች ነበር የምታጽናናኝ። እማማ አደይ ፊቴን እያዩ «አንተ ታውቀዋለህ» ያሉኝ ለካ ደበሌን አይደለም፤ ፈንጣጣውን ነው። ለማንም ያልነገሩትን ነገር፣ የልጃቸውን የደበሌን ሕመም፣ እኔ አይቼው የማውቅ ነኝ ብለው ለእኔ ብቻ ነግረውኝ ነበር።

ወንዙ ዳር ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሙሀመድሰይድ ዞሮ ምን ሆንክ አለኝ።

«ጠጠር ገባብኝ» አልኩት።

ጫማዬን አውልቄ አራግፌ መልሼ አጠለቅኩ። ጠጠር የለበትም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ የጆሮ ወለምታ ግን ይታሻል፣ ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ ብዬ ልመለስ እችል ነበር። ወደ ኋላ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ግን ዝናብ ነው፤ ይመሻል፤ ኮቴ አለ፤ ቅርጫው አለ። ደግሞም እንጃ፣ እንግዳ ያሉት ደበሌን ራሱን ሊሆንም ይችላል አልኩ። ነገ እመጣለሁ ብዬ ሄድኩ።

ነገ መስቀል ነው። ከነገ ወዲያም መስቀል ነው። በእኛ አገር መስቀል አንድ ቀን እንዳይመስላችሁ። ሙሀመድሰይድ ቡታጅራ ያሉ ወዳጆቹ ጋ ወርዷል። እኔ ኮቴን ለብሼ ከቤት ቤት እየተጠራሁ ክትፎ እበላለሁ። በየቀኑ ትዝ ይለኛል፤ በየቀኑ ደግሞ ነገሩ እውነት ቢሆን እስካሁን ወሬው ይሰማ ነበር እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ስምንት ቀን እንዲህ ሄደ።

በስምንተኛው ቀን ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ ወደዚያ ቤት እንሂድ አልኩ። ደበሌ ከጓዳ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ የኔን ፊት ሆኗል። ተናኘ ንዳድ ነው ተብላ ነበር፤ እማማ አደይ ከሷም ደብቀው ኖሯል። ሙሀመድሰይድ የቤቱን ሰው በሙሉ እዚያው ከተበ፤ ብርቄንም ብርሃኔንም። ብርሃኔ መርፌው ሲነካው አላለቀሰም፤ ወደ እኔ ዞሮ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረ። ስንወጣ ሙሀመድሰይድ በዝግታ ሲናገር፣ ሰውየው ሽፍታው ከወጣበት በሦስት በአራት ቀን ብንደርስ ኖሮ ልጆቹ ቢይዛቸው እንኳን ይተርፉ ነበር፤ አሁን ግን አላውቅም አለኝ። ያን ዕለት እንግዳ ነው ያሉት እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እንደነገሩኝ ነው የነገርኩህ አልኩት። ውሸት አልነበረም። ከውሸት የባሰ ነበር።

በዚያ መንደር አሥራ አንድ ሰው ያዘው። ዘጠኙ ዳነ። የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የተናኘ። መጀመሪያ ብርሃኔ፣ በአምስተኛው ቀን ብርቄ። ጥቅምት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም።

ለቅሶው ላይ ሰው የሚለውን ታውቃላችሁ። እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ። እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም። ያንን ሁሉ የተያዘ ሰው አልፎ እሷን ብቻ ለይቶ መምታቱ ያለ ነገር አይደለም እየተባለ ይንሾካሸካል። የንስሐ አባታችንም ቆመው ያንኑ ተናገሩ፤ የእግዜር ቁጣ ሲመጣ ራሳችንን እንመርምር አሉ። ተናኘ ራሷን መረመረች። ምን ብታገኝ ጥሩ ነው? ከብርቄ በኋላ ወንድ ልጅ ቢሰጣት ለማርያም ጃንጥላ ልታገባ ተስላ ነበር። ብርሃኔ ተወለደ፤ ጃንጥላው ግን ዛሬ ነገ ሲባል አራት ዓመት አለፈ። ለዚያ መስቀል ደግሞ የጃንጥላውን ገንዘብ ለልጆቹ አዲስ ልብስ አውጥታዋለች።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሳሳ ሲል አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እንባዋ አልቋል፤ ድምፅ የላትም።

«ዱባለ፣ አንተ ከተማ የኖርክ ሰው ነህ፣ ከሐኪም ጋር የምትውል ነህ» አለችኝ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። እግዜር ለአንድ ጃንጥላ ብሎ ሁለት ልጅ ይወስዳል?»

እዚያ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። እማማ አደይ ከጥግ ሆነው ያዩኛል፤ እሳቸውም አልተናገሩም፣ እኔም አልተናገርኩም።

«የእግዜር ሥራ አይመረመርም» አልኳት።

ስናገረው ቀለለኝ። እውነቴን ነው፣ ሸክም ከትከሻዬ እንደወረደ ሁሉ ቀለለኝ። የወረደው የት ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተናኘ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ጾሙንም ጸሎቱንም ተወች። ባዩ ለመናት፣ ጎረቤት ለመናት። «ለጃንጥላ ብሎ ሁለት ልጅ የሚቀበል ጌታ፣ ምን ቀረኝ ብዬ ደጁ እሄዳለሁ?» ትላለች። እኔ በየሳምንቱ እጠይቃታለሁ። ስኳር እወስዳለሁ፣ ሳሙና እወስዳለሁ፣ ለባዩ ትንባሆ እወስዳለሁ። ቆጮ በጎመን ታቀርብልኛለች፤ እየበላሁ እሷ እግዜርን ስትረግም እሰማለሁ። ቃሏ ደግሞ የዋዛ አይደለም። አንድ ጊዜ ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት «ከእግዜር ዱባለ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ይጠይቀኛል» አለች። ሴቶቹ አማተቡ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳህኔ ላይ የቀረውን ጎመን ለቀምኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይኼን ሰምቶ የሚውጥ? እኔ ነኝ፤ ዋጥኩት።

እማማ አደይ በዓመቱ ክረምት ላይ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። ሰው ሲሞት መቅለል ነበረበት፤ ባሰብኝ እንጂ አልቀለለኝም።

ጥር 1966 ላይ ተናኘ ሴት ልጅ ወለደች። ደስ አለን። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ተናኘ ልጅቷን ክርስትና አላስነሳም አለች። ስምም አላወጣችላትም፣ «ልጅቱ» ነው የምትላት። ባዩ እኔ ላውጣላት ቢል ቤቱን ቀውጢ አደረገችው። ምክንያቷን ለሱ አልነገረችውም፤ ለኔ ነገረችኝ።

«ስም ካላት ይጠራታል» አለችኝ። «የነዚያንም ስም ባያውቅ አይጠራቸውም ነበር። ይቺን አላሳውቀውም።»

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ እንደምትጠመቅ የታወቀ ነው። ቀኑ በቀረበ ቁጥር ባዩ እየከሳ ሄደ። ልጅቷ ደግሞ ደካማ ናት፤ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ ነው የምትቀበረው፣ አሁንስ እብድ ሆኜ መውጣቴ ነው አለኝ ባዩ። ተናኘም ብትሆን ደህና አልነበረችም። ልጅቷ በሳለች ቁጥር ሰው የሚያሳድዳት ይመስል ደረቷ ላይ ትደብቃታለች። ከእግዜር ነበር የምትደብቃት። እኔ ነኝ ያሳደድኳት።

ሰማንያው ቀን ሊሞላ ስምንት ቀን ሲቀረው የንስሐ አባታችን አስጠሩኝ። መንገድ ዳር እንደሚሸጥ ማገዶ የደረቁ፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከወንድም በላይ አንተን ትሰማለች፤ ሂድና እግዜር ቢቆጣም መሐሪ ነው ብለህ አሳምናት አሉኝ። ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀስኩ። ዋዜማውን፣ እንግዳውን፣ ወንዙን፣ ጠጠሩን፣ ለቅሶው ላይ ያልኳትን ሁሉ ተናገርኩ። ጨርሼ «አባ፣ ስግደት ስጡኝ፤ የፈለጉትን ያህል ልስገድ» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያንተን ጉልበት ብናደክመው ለሷ ምን ይረባታል?» አሉ። «በሐሰት አትመስክር የተባለው ለጎረቤት ብቻ መሰለህ? አንተ በፈጣሪህ ላይ መሰከርክ። እኔም መሰከርኩ። ማን ልኮኝ ነው ቁጣው ነው ያልኩት? ነግሮኝ ነበር?»

በሽታውንስ ማን ፈጠረው፣ እሱስ ለምን ዝም አለ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ንዴት ይዞኛል። አላውቅም አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ቀድሼ አላውቅም፤ ስሞት እጠይቀዋለሁ፤ አንተ ግን የምታውቀው አለህ፣ የምታውቀውን ከማታውቀው ጋር አትቀላቅልብኝ አሉኝ። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሂድና መስክርለት» አሉኝ። «እሱ ራሱ አይናገርም።»

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሄድኩ። ስኳርም ሳሙናም አልያዝኩም። ተናኘ ጓሮ ልጅቷን አዝላ የእንሰት ቅጠል ትቆርጣለች። ባዶ እጄን ስታይ ዛሬ ደግሞ ምነው ድሃ ሆንክ ብላ ቀለደችብኝ። እስክጨርስ አታቋርጪኝ አልኳትና ቆሜ ነገርኳት። አማቷ ያሉኝን፣ እኔ የተረጎምኩትን፣ ወንዙ ላይ የገባኝን፣ ስምንቱን ቀን። ምንም አላስቀረሁም። ስናገር ቢላዋዋ አልቆመም፤ ቅጠል ይቆርጣል፣ ይቆርጣል። ስጨርስ ቆመ።

«እውነት ጠጠር ገብቶብህ ነበር?» አለችኝ።

«አልገባብኝም።»

«ለቅሶው ላይ ስጠይቅህ ይኼን ሁሉ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ቅጠሎቹን አንድ ላይ ሰበሰበች። መልሳ በተነቻቸው። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች፤ ተናኘ የሰማችም አትመስል። ትሰድበኛለች፣ በያዘችው ቢላዋ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ በወደድኩ። እሷ ግን እኔን ትታ ወደ ላይ አየች። ፊቷ ላይ የማየው ንዴት አልነበረም፤ እፍረት ነበር። ሰው በሐሰት የጠረጠረውን ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱ የሚሆነውን ሆነች።

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ» አለች። «ያን ሁሉ ስናገረው፣ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ትሰማ ነበር።»

«አዎ።»

«ትበላም ነበር።»

«አዎ።»

ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ጡቷን ሰጠቻትና ፊቷን አዞረችብኝ። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ። ባዩ ደጅ ላይ አግኝቶኝ ምን አለች ሲለኝ እሷ ትንገርህ አልኩት። በኋላ ነግራዋለች፤ ባዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን ይመልሳል እንጂ ቆሞ አያነጋግረኝም።

በሰማንያኛው ቀን ልጅቷ ተጠመቀች። አልተጠራሁም። አለመጠራቴ ተገቢ ነው ብዬ ነበር፤ ግን እግሬ አላስቀምጥ ስላለኝ በሌሊት ተነሥቼ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገባሁም፤ በሩ ላይ ከለማኞቹ ጋር ቆምኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ተናኘ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጅቷን በነጭ ጠቅልላ አቅፋ ወጣች። ሴቶቹ ከበው ይስሟታል። ፊቷ ያለቀሰ ሰው ፊት ነው፤ ግን ያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የማውቀው መጨማደድ ከግንባሯ ላይ ጠፍቷል። የንስሐ አባታችን ከኋላዋ ይከተላሉ። እሳቸውም የእግዜር ቁጣ ነው ስላሉት ይቅርታ እንደጠየቋት በኋላ ነው የሰማሁት።

ሳታየኝ ብታልፍ ምኞቴ ነበር። አየችኝ። ሴቶቹን ትታ እኔ ጋ መጥታ ቆመች። ልጅቷ እንቅልፍ ላይ ናት።

«ከሱ ጋር ታርቄያለሁ» አለችኝ። «ያለ ጥፋቱ ያልኩትን ሁሉ ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ። ያንተንም ነገር ለመንኩት። ዱባለን ይቅር እንድል አድርገኝ አልኩት።»

«እሺ?» አልኳት።

«አልቻልኩም» አለች። «በሱ ግን አላላክክም። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።»

ልጇን አስተካክላ አቅፋ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እሷ በአንድ ትንፋሽ «እኔ ነኝ» ያለችውን ቃል እኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ማለት አቅቶኝ ነበር።